ንጉሡን ያጠቡት ሰዎች

«ስማ የአዳማ ሰው! የሰማህ ለጎረቤትህ ንገር፤ ጎረቤት የሌለህ ለከብትህ ንገር! የአገራችን ምስለኔ፣ ጌታችን ግራዝማች ገሠሠ፣ በመጪው እሑድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የቆዳ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣሉ! የሚቀመጡትም በወንበር ላይ ነው!»

አዋጁን የተናገረው ገርባ ነው። ነጋሪት ስላልነበረን የላምባ ቆርቆሮ ነበር የሚመታው። ሦስት ጊዜ መታ፣ ሦስት ጊዜ ደገመ፤ ገበያተኛው ቀጣዩን ቃል ሲጠብቅ ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ መንገድ ጀመረ። አንዲት ቅቤ ሻጭ «ተቀምጠውስ?» ብላ ጮኸችበት።

ገርባ ዞሮ «እሱን አላዘዙኝም» አላት።

ተቀምጠው ሲኒማ ሊያዩ ነበር። አዋጁ ቃሉን የዘለለው አዲስ አበባ ውስጥ ሰዉ ለሲኒማ ያወጣለት ስም እኛም ዘንድ ስለደረሰ ነው፤ «የሰይጣን ቤት» ይሉታል። ግራዝማች «ወደ ሰይጣን ቤት ይገባሉ» ተብሎ በቆርቆሮ እንዲታወጅባቸው አልፈለጉም። ስለዚህ መቀመጣቸው ብቻ ታወጀ። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሜ ዘገዬ ነው፤ የግራዝማች ጸሐፊ ነበርኩ። በዚያ ዓመት፣ በ፲፱፻፳፩ ማለት ነው፣ ከጻፍኳቸው ወረቀቶች ሁሉ ውሸት የሌለበት ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ውሸት ያለበትን ደግሞ ልንገራችሁ።

በፋሲካ ማግሥት ግራዝማች ከባላምባራስ ገብረወልድ ጋር በውርርድ ሰንጠረዥ ተጫወቱ። ባላምባራስ የኬላው ሹም ናቸው። በሰንጠረዥ ላይ የታወቀ ወግ አለ። ጌታ ሲጫወት በዙሪያው የተቀመጠው ሁሉ ይመክራል፤ «ፈረሱን! ፈረሱን ይንዱት ጌታዬ!» እያለ ያሟሙቃል። ጌታ ሲሸነፍ ግን ማንም አላየም። አንዱ የጫማውን ክር ያስራል፣ አንዱ ጣራውን ይመረምራል፣ አንዱን ድንገት እንቅልፍ ይጥለዋል። በዚያ ቀን ግራዝማች መጀመሪያ በቅሎዋን ከነኮርቻዋ ተበሉ። ቀጥሎ ጠመንጃውን ተበሉ። በመጨረሻ፣ ቤቱ በሙሉ ጣራ ጣራ ሲያይ፣ መልካሳ አዋሽ ዳር ያለውን የቡዜን እርሻ አስያዙ። እሱም ሄደ።

«የቡዜን» ያልኩት አውቄ ነው። መሬቱ ቀላድ ተጥሎ በተለካ ጊዜ በአማቷ ስም የተመዘገበ ነው። ባሏ ፉፋ በንዳድ ከሞተ ወዲህ የምታሳርሰው፣ የምታርመው፣ ወፍ የምትጠብቀው እሷ ናት። ግብሩን በየዓመቱ ለግራዝማች ታገባለች። ግብሩ የግራዝማች ነው፤ መሬቱ የግራዝማች አይደለም። ይህን ልዩነት ጥጃ ያውቀዋል።

በማግሥቱ አስጠሩኝና «ጻፍ» አሉኝ። «‹እኔ ግራዝማች ገሠሠ፣ ለወዳጄ ለባላምባራስ ገብረወልድ፣ ስለ ፍቅር ብዬ መልካሳ ያለውን መሬት ሰጥቻለሁ።› ጻፍክ?»

ጻፍኩ። «ስለ ፍቅር» የሚለው ላይ ስደርስ ቀለሙ ስላለቀ ብዕሩን ደግሜ ነከርኩ። ሌላ ያደረግሁት ተቃውሞ የለም።

በሳምንቱ ከተማው በሙሉ «ስጦታው» ማለት ጀመረ። ቄሰ ገበዙ «ስጦታው» አሉ። ነጋዴው «ስጦታው» አለ። ባላምባራስ በዚያችው በቅሎ በገበያ መካከል ሲያልፉ፣ በፋሲካ ማግሥት ጣራ ሲያዩ የዋሉት ሰዎች ተነሥተው እጅ እየነሡ፣ «አቤት ስጦታ! እንዲህ ነው እንጂ ወዳጅ!» ይሉ ነበር። ሰው ሲዋሽ ብዙ አይቻለሁ። ተሰብስቦ፣ ተጠራርቶ፣ እንደ ደቦ ሲዋሽ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

ዐርብ ዕለት ጠዋት ቡዜ ከመልካሳ በእግሯ መጣች። አቤቱታዋ የሚሰማው ሰኞ ነበር። ዳኛው ማን እንደሆነ ለመናገር አፍራለሁ፤ ምስለኔው ራሳቸው ናቸው። ከደጄ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«የጻፍከው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የምጽፈው፣ ቡዜ።»

«እጅህ ታዛዥ ነው?»

«የጸሐፊ እጅ ነው።»

«የኔም በሬ ታዛዥ ነው። ወደ ሰው ማሳ ስነዳው ግን ይቆምብኛል።»

«ሰኞ ምን ልትዪ ነው?» አልኳት።

«ቁማር ነው እላለሁ። ስጦታ ከሆነማ ጌታ ሰጠ፣ ማን ይጠይቃል! ቁማር ከሆነ ግን የራሱ ያልሆነውን ያስያዘ ሰው ምንም አላስያዘም። ሦስት ሰው፣ ሦስት ብቻ፣ ‹አዎ፣ ሲቆምሩ አይቻለሁ› ካለልኝ፣ እሳቸው የፈለጉትን ይፍረዱ። ይግባኝ ብዬ በባቡር አዲስ አበባ እወጣለሁ።»

«ስንት ሰው ጠየቅሽ?»

«አሥራ አንድ። አራቱ ተኝተው ነበር። ሁለቱ ሽንት ይዟቸው ውጪ ነበሩ፤ በአንድ ጊዜ ነው የያዛቸው። ቄሰ ገበዙ ‹ልጄ፣ ዐይኔ ደክሟል፣ ከአፍንጫዬ ወዲያ አላይም› አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ቀሚሴ ላይ የምትሄድ ጉንዳን በዐይናቸው እየተከተሉ ነበር።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩት ‹የምን ጨዋታ?› አሉኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንተስ? አንተ የት ነበርክ?»

ከግራዝማች ቀኝ ሁለት ክንድ ርቄ ተቀምጬ ነበር። ፈረሱን እንዲነዱት ከመከሩት አንዱ እኔ ነኝ። «እኔ… ቀለም እየበጠበጥኩ ነበር» አልኳት።

«በፋሲካ ማግሥት!» አለች። ሳቀች፤ ጥርሷ ብቻ ነው የሳቀው። «ጥሩ። ሰኔ ሲገባ የባላምባራስ በሬዎች ማሳዬ ይገባሉ። እኔ ሦስት ልጅና አንዲት ዐይነ ስውር አማት ይዤ መንገድ እገባለሁ። ያን ቀን ቀለም ካለህ ጻፈው። ‹ስለ ፍቅር› የምትለዋን እንዳትረሳት።»

ሄደች። እኔም ተናደድኩ። በመጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው፤ ትክክለኛውን ሰው እስካገኝ ድረስ ከሰዓት በኋላ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ የሄድኩት ወደ መጋዘኑ ነው። ሲኒማውን ያመጣው አቡጀዲ ነጋዴው ሕንዱ ጂቫንላል ነበር። አንድ ዘመዱ ከኤደን በጅቡቲ በኩል አድርጎ በእጅ የሚዘወር የሲኒማ መኪናና ሦስት ቆርቆሮ ሙሉ ፊልም ልኮለታል። ፊልሙ የሚናገር አይደለም፤ ሥዕሉ መሐል መሐል ላይ እየቆመ ጽሕፈት ይወጣል። ጽሕፈቱም በጂቫንላል አገር ፊደል ነው። እሑድ እሱ በጆሮዬ ሹክ ሊለኝ፣ እኔ በአማርኛ ለፊተኞቹ ልናገር፣ መርዳሳ ደግሞ የኔን ተቀብሎ በኦሮምኛ ለኋለኞቹ ሊናገር ተዘጋጅተናል። መርዳሳ የቆዳ ተሸካሚዎቹ አለቃ ነው፤ ድምፁ ከጣቢያው እስከ ወለንጪቲ መንገድ ይሰማል።

«ታሪኩን አስቀድመህ ንገረኝ» አልኩት ጂቫንላልን።

«የኛ ያሮጌ መጽሐፍ ታሪክ ነች» አለኝ። በጂቫንላል አማርኛ ውስጥ ወንድ የሚባል ፍጥረት የለም። «ይህች ንጉሥ በጣም ጥሩ ነች። ውሸት አትናገርም። ግን ቁማር ወደደች። መንግሥት አስያዘች፣ ተበላች። ወንድሞች አስያዘች፣ ተበላች። ራሷን አስያዘች፣ ተበላች። ከዚያ ሚስት አስያዘች።»

መርዳሳ አንሶላውን ግድግዳ ላይ እየቸነከረ «እሷስ?» አለ።

«ተበላች።»

መርዳሳ መዶሻውን አወረደ። ወደኔ አየ።

ጂቫንላል መብራቱን ለኩሶ መኪናውን መዘወር ጀመረ። አንሶላው ላይ አንድ ንጉሥ ወጣ። ከራሱ ጀርባ እንደ ፀሐይ የሚያበራ ክብ ነገር አለው። ከፊቱ ወፍራም ጢም ያለው ተንኮለኛ ተቀምጧል፤ የቁማሩን ጠጠር ከእጅጌው ሲለውጥ ለእኛ በግልጽ ይታየናል፤ ለንጉሡ አይታየውም። ንጉሡ ጠጠር በጣለ ቁጥር እንባው በጉንጩ ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ ከኋላው ሆኖ «ተጫወት» እያለ በጣቱ ያዘዋል። ንጉሡ እየታዘዘ፣ እያለቀሰ፣ እያበራ ይጥላል።

መብራቱ ድንገት ተሸፈነ፤ መኪናውም ቆመ። ጂቫንላል እጁን አንሥቶ፣ ቆዳውን፣ አንሶላውን፣ ሁላችንንም ይሳደብ ገባ፤ በገዛ ቋንቋው ነበር። ሲደክመው ወደ አማርኛ መጣ።

«ይህች አይደለችም! እናቴ የነገረችኝ ንጉሥ ይህች አይደለችም! ማንም አላዘዘም። እሷ ራሷ ሮጣ መጣች። እጇ ራሱ በላት። እናቴ እዚህ ቦታ ስትደርስ ሁልጊዜ ትሰድባት ነበር። ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ እናቴ ንጉሥ ትሰድባለች! ‹ደግ ሰው ነበረች፤ ግን ይህን አደረገች› ትላለች። ሁለቱን አንድ ላይ፤ ገባሽ? ፊልም የሠሩ የቦምቤይ ሰዎች ግን አጠቡ። እንባ ጨመሩ፣ ጠጠር ጠማማ አደረጉ፣ ራስ ላይ ፀሐይ ሰቀሉ። የእናቴ ንጉሥ ሰው ነበረች። ይህች ሻማ ነች።»

«ለምን አጠቡት?» አልኩት።

ትከሻውን ሰበቀ። «እዚያም ምስለኔ አለች።»

መርዳሳ ምስማር በጥርሱ እንደነከሰ፣ «እኛም ዘንድ እጥበት አለ፣ ጂቫን» አለ። «የኛ ሰውዬ ግን ሳሙና አልገዙም። ዘገዬን ነው የቀጠሩት።»

በዚህን ጊዜ ነው ትክክለኛውን ሰው ያገኘሁት። አብሮኝ ነበር የዋለው።

ማታ ስለ ፊልሙ ልነግራቸው ግራዝማች ዘንድ ገባሁ። እግራቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ አንድ ንጉሥ ነው፣ ጌታዬ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይቆምራል።»

አጣቢዋ እጇን ከውኃው አወጣች። ግራዝማች የእግራቸውን ጣቶች አንድ በአንድ ተመለከቱ። «ንጉሥ አይቆምርም» አሉ።

«አይቆምርም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ጠጠር ይጥላል፣ ጌታዬ።»

«ለምን ይጥላል?»

«እርስዎ ቢነግሩኝ።»

አሰቡ። ሲያስቡ ሰንጠረዥ ላይ እንደሚያደርጉት የታችኛውን ከንፈራቸውን ይጎትታሉ። «ዕጣ ነው። ለማን እንደሚሰጥ በዕጣ ይለያል። ቸር ንጉሥ ነው፤ ሀብቱን ያድላል። እንዲህ ብለህ ተናገር።»

«ሚስቱን ሲሰጥስ፣ ጌታዬ?»

«ሚስቱን?» ቀና አሉ። «እሷን ዝለላት።»

«ሥዕሉ አይዘለልም፣ ጌታዬ። በጸጉሯ እየጎተቱ ሲያመጧት ይታያል።»

«እንግዲያው ግብዣ ተጠርታ ነው በል» አሉ፤ እግራቸውንም መልሰው ነከሩት።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ጢም ብሎ ነበር። የግድግዳው ቀዳዳ በጆንያ ተወትፏል፤ ቆዳው ወደ ዳር ተከምሯል፤ ሽታው ግን እንደ እድምተኛ መሐል ላይ ተቀምጧል። ከፊት አሥራ አራት ወንበር። ግራዝማች መሐል፣ በስተቀኛቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ በስተግራቸው ባላምባራስ፣ ከዚያ ቄሰ ገበዙ፣ ከዚያ የአገር ሽማግሌዎች፤ ሁሉም ነጭ ኩታ ለብሰዋል። ከኋላ ተሸካሚው፣ ገበሬው፣ የባቡር ሠራተኛው። ሴቶቹ በበሩ በኩል ቆመዋል። ቡዜ ከእነሱ መካከል ነበረች፤ የነገውን ችሎት ስትጠብቅ የሰነበተችው መርዳሳ ቤት ነው። እንዳላየኋት ሆንኩ።

መብራቱ በራ። መኪናው ተንጣጣ። ንጉሡ ከነፀሐዩ ወጣ፤ ቄሰ ገበዙ አማተቡ።

ንጉሡ የመጀመሪያውን ጠጠር ጣለ። «ቸሩ ንጉሥ ከብቱን ለድሆች አደለ!» አልኩ።

መርዳሳ ከኋላ ተቀበለኝ። ኦሮምኛ እሰማለሁ። እንዲህ አለ፦ «ከብቱ ተበላ። ሰውየው ላብ ላብ ሲለው ታያላችሁ፤ ላም የሚሰጥ ሰው እንዲህ ያልበዋል ወይ?»

ኋላ ያለው ሰው ሳቀ።

ግራዝማች ዘወር ሳይሉ «ምን ያስቃቸዋል?» አሉ።

«በቸርነቱ ደስ ብሏቸው ነው፣ ጌታዬ።»

ንጉሡ መንግሥቱን አስያዘ። «ቸሩ ንጉሥ መንግሥቱን ለወዳጁ ስለ ፍቅር ሰጠ» አልኩ። ይህችን ቃል ማንም አላዘዘኝም። እንዴት ከአፌ እንደወጣች አላውቅም፤ ወጣች። ባላምባራስ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። መርዳሳ፦ «አገሩም ተበላ። ወዳጅየው ጢሙን ሲጠቀልል እዩት! የሰጡት ሰው እንዲህ አይጠቀልልም፤ የበላ ሰው ነው የሚጠቀልለው።» ሳቁ አሁን እየጨመረ ሄደ። አንዱ ከጨለማው ውስጥ የሬሳ ልቅሶ አስመስሎ «ዋይ ስጦታ! ዋይ ስጦታ!» አለ። ፊት ረድፍ ላይ ያሉት አንገታቸው አልዞረም።

ወንድሞቹ ሄዱ። ራሱም ሄደ። ከዚያ ንግሥቲቱን በጸጉሯ እየጎተቱ ወደ አዳራሹ አስገቧት።

«ንግሥቲቱ ወደ ግብዣ ተጠራች» አልኩ።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ዘገዬ፣ በጸጉር ነው እንዴ ግብዣ የሚወስዷት?»

«የአገራቸው ወግ ነው፣ እመቤቴ።»

«የማን አገር ወግ እንደሆነማ ይታየኛል» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ባላቸውን አላዩም።

አንዱ ጎልማሳ የንግሥቲቱን ልብስ ይጎትት ጀመር። ሲጎትተው ጨርቁ አያልቅም፤ እየተተረተረ፣ እየተከመረ ይመጣል። የአምላክ ተአምር እንደሆነ ጂቫንላል ሹክ አለኝ። አፌን ሳልከፍት ባላምባራስ ቀደሙኝ፤ የኬላ ሰው ናቸው፦ «ይህ ሁሉ ጣቃ ቀረጥ ተከፍሎበታል?»

«ተከፍሏል፣ ባላምባራስ» አለ ጂቫንላል እየዘወረ።

ቀጥሎ ሥዕሉ ቆመና ጽሕፈት ወጣ። ረጅም ነበር። ጂቫንላል ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለ። በሹክሹክታው ውስጥ የእናቱን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ እየቆረጠ ነበር የተናገረው። «ሚስት ጠየቀች። ‹መጀመሪያ ራስህን ተበላህ፤ ከዚያ እኔን በምን አስያዝከኝ? ያንተ ነበርኩ ወይ?› አለች።»

ሁለት መቶ ሰው አፌን እየጠበቀ ነው። ከበሩ በኩል ደግሞ አንዲት ሴት በጨለማ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ጥያቄው የእሷ ነው፤ ነገ ጠዋት በዚሁ ቃል ልትጠይቀው ከመልካሳ በእግሯ መጥታለች። ሦስት ሰው ነበር የፈለገችው። እኔ አንድ መሆን እችል ነበር። ከዐርብ ጀምሮ፣ ከፋሲካም ጀምሮ እችል ነበር።

«ንግሥቲቱ» አልኩ፣ «ንጉሡን ስለ ቸርነቱ ታመሰግናለች።»

መርዳሳ አልተቀበለኝም። ከዚያ፣ ያን መለከት የመሰለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዐርብ ዕለት እኔ ከሄድኩ በኋላ ከጂቫንላል የሰማውን በኦሮምኛ ተናገረ፦ «ሴትዮዋ የምትለው እንዲህ ነው። ‹ያንተ ነበርኩ ወይ?›»

የሳቀ የለም። ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት «ዱጋ!» አለች፤ እውነቷን ነው ማለቷ ነው። «ዱጋ!» አለ ሌላው። «ዱጋ!» አለ የባቡር ሠራተኛው። ግራዝማች ኦሮምኛ ይሰማሉ፤ እዚሁ ነው ያደጉት። በዚያን ሰዓት ግን አልሰሙም።

ንጉሡ ምን መለሰ? የቦምቤይ ሰዎች እዚህ ቦታ ብዙ ደክመውበታል። ሚስቱ ስትጠይቀው ቀና ብሎ ሰማይ ያያል፤ ከራሱ ጀርባ ያለው ፀሐይ እጥፍ ሆኖ ያበራል፤ እንባው ይወርዳል። መልስ ግን የለውም። ጥፋቱን አጥበው አጥበው መልሱንም አብረው አጥበውታል። አንድ «አጠፋሁ» የሚል ቃል ቢተዉለት ኖሮ ሰው ሆኖ ይቀር ነበር። እንደዚያ ቀን በአንሶላ የተናደድኩበት ቀን የለም።

ሦስተኛው ቆርቆሮ ተከፈተ። አሁን ለንጉሡ አንድ ጣል ብቻ ተፈቀደለት። ካሸነፈ ሁሉም ይመለስለታል፤ መንግሥቱ፣ ወንድሞቹ፣ ሚስቱ። ከተሸነፈ ጫካ ይገባል። ንጉሡን መስሎ የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እዚህ ላይ ግን የታዘዘውን ረሳ። እንባውን ተወ። ጠጠሩን በመዳፉ ይዞ በአውራ ጣቱ አሻሸው፣ አሻሸው፤ ዐይኑ ጠበበ፤ ምላሱ ከንፈሩን ላሰ። ፀሐዩ ከጀርባው እያበራ ነበር፤ ማንም ግን ፀሐዩን አላየም፤ እጁን ነበር የሚያየው። ጂቫንላል ከአጠገቤ በጣም ቀስ ብሎ «ይህች ነች» አለ። «አሁን ይህች ነች።»

የምናገረውን ረሳሁ።

ወንበር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ግራዝማች ወደ ፊት ተደፍተዋል። ሁለት እጃቸው በጉልበታቸው ላይ ነው፤ አውራ ጣታቸው ሌባ ጣታቸውን ያሻል።

«ጣል» አሉ፤ ለራሳቸው ነበር የሚናገሩት። ንጉሡ አልጣለም። «ጣል እንጂ አንተ ሰው!» አሉ፤ አሁን ጮኹ። «አንዴ ብቻ ነው! አንዴ ጣልና ሁሉንም ታስመልሳለህ!»

ባላምባራስ ዐይናቸውን ከአንሶላው ሳይነቅሉ፣ ጨዋታ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው እየሳቁ መለሱላቸው፦ «ምን ያስመልሳል፣ ግራዝማች! እርስዎስ በፋሲካ ማግሥት ይህንኑ ብለው አይደል የሴትዮዋን መሬት ያስያዙኝ?»

ይህን እኔ እንድተረጉም አልታዘዝኩም። መርዳሳ ግን ከኋላ ሆኖ ወደ ኦሮምኛ መለሰው፤ ቃል አልጨመረም፣ ቃል አልቀነሰም።

ጂቫንላል መዘወሩን አላቆመም፤ ከቆመ መብራቱ ፊልሙን ያቃጥለዋል። አንሶላው ላይ ንጉሡ ጠጠሩን ጣለ። ምን እንደወጣለት ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ሰዉ ከበሩ በኩል ለሁለት ይከፈል ጀመር። ቡዜ በመካከሉ መጣች። አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። በብርሃኑ ፊት ስታልፍ ጥላዋ አንድ ጊዜ ንጉሡን ሸፈነው። ግራዝማች ወንበር አጠገብ በርከክ አለች። በወንበሩ ክንድ ላይ የወደቀውን የኩታቸውን ጫፍ አነሣች፤ የገዛ ነጠላዋን ጫፍ አመጣች፤ ሁለቱን አንድ ላይ ቋጠረች። ደግማ ቋጠረችና በጥርሷ አጠበቀችው። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ከተቋጠሩ በኋላ ዳኛ ፊት ሳይደርሱ አይፈቱም፤ የፈታ ሰው ደግሞ ዕዳው የእሱ ነው። ይህን የማያውቅ በመጋዘኑ ውስጥ አልነበረም። በግራዝማች ላይ የሚፈርደው ዳኛ አዲስ አበባ እንዳለ፣ ባቡሩም በየትኛው ቀን እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል።

«ፍቱልኝ» አሉ ግራዝማች። የተመለከቱት ወደ ባላምባራስ ነበር።

ባላምባራስ ቋጠሮውን አዩት። ቡዜን አዩአት። ከዚያ፣ እንዳይቋጠርባቸው፣ የራሳቸውን ኩታ ጫፍ ቀስ አድርገው ሰበሰቡና ከጭናቸው ሥር አደረጉት። ከአጠገባቸው የነበሩት ቄሰ ገበዙም የራሳቸውን ሰበሰቡ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌም ሰበሰቡ። እኔ ቆሜ ነበር፤ የኔን ጫፍ በጡጫዬ ጨምቄ እንደያዝኩት ያወቅሁት ጣቴ ሲያመኝ ነው። የፊተኛው ረድፍ በሙሉ፣ ማንም ማንንም ሳያይ፣ አንድ በአንድ የኩታውን ጫፍ እየሰበሰበ ከጭኑ ሥር አደረገ።